«ኤክስቴንት» በቱርክኛ፦ አንድ ቃል፣ አራት ፍቺ

ከዓለም ገና እስከ ዱከም ባሉ ፋብሪካዎች ከቱርክ ባለሙያ ጋር የሚሠራ ሰው በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ «ኤክስቴንት» የሚለውን ያገኛል። ቃሉ ስፋትንም፣ መጠንንም፣ ደረጃንም ይይዛል። ቱርክኛ ግን ለየብቻ ይከፍለዋል፤ ስሕተቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

የጉዳት ስፋት ሲሆን «ቦዩት» ነው። ውሃ ገብቶ ጨርቅ ቢያበላሽ «ሃሳርን ቦዩቱ» ማለት የጉዳቱ መጠን ነው። እዚህ ላይ «ኦልቹ» ካሉ ሰሚው ሜትር ያነሣል፤ «ኦልቹ አልማክ» ልክ መውሰድ ነውና። ይሁን እንጂ ይኸው «ኦልቹ» በሐረግ ውስጥ ሲገባ መልኩ ይለወጣል፦ «ቡዩክ ኦልቹዴ» በአብዛኛው፣ «ቢር ኦልቹዴ» በመጠኑ ማለት ነው። ትርጉሙን የሚሸከመው መጨረሻ ላይ ያለችው «ዴ» ስለሆነች አትጣል።

«እስከ ተወሰነ ደረጃ» ለማለት «ቢር ዴሬጄዬ ካዳር» ይባላል። «ዴሬጄ» ከእኛ «ደረጃ» ጋር ስለሚመሳሰል ለመያዝ ይቀላል፤ የሙቀት ዲግሪም በዚሁ ቃል ይጠራል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው «ካፕሳም»፣ ማለትም የሽፋን ወሰን ነው፤ ውል ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። «ጋራንቲ ካፕሳምንዳ» ከተጻፈ ማሽኑ በዋስትና ተሸፍኗል። «ካፕሳም ድሽ» ከሆነ ከሽፋኑ ውጭ ነው፤ የጥገናውን ወጪ የሚከፍለው ገዢው ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት በ«ካፕሳም» ላይ የተቀጠለውን ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ደጋግሞ ማንበብ ያስፈልጋል።