«6/60» የሚለው ቁጥር ምን ይነግረናል?

በዓይን ምርመራ ወረቀት ላይ 6/60 ሲጻፍ ብዙዎች «አሥር በመቶ ብቻ ያያል» ብለው ይተረጉሙታል። ቁጥሩ ግን ርቀት ነው፤ ጤናማ ዓይን ከ60 ሜትር የሚለየውን ፊደል ይህ ሰው ለመለየት እስከ 6 ሜትር መቅረብ አለበት። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከ6/18 በታች መካከለኛ፣ ከ6/60 በታች ከባድ የእይታ ጉዳት ሲሆን፣ ከ3/60 በታች ዓይነ ስውርነት ይባላል።

አሳሳቹ ነገር ቁጥሩ የሚለካው በቂ ብርሃን ባለበት ክፍል፣ በነጭ ላይ በተጻፈ ጥቁር ፊደል መሆኑ ነው። ስለ ጎን እይታ ምንም አይናገርም። በግላኮማ (የዓይን ነርቭን በሚጎዳ በሽታ) የጎን እይታው የጠበበበት ሰው ጋዜጣ ማንበብ እየቻለ ወንበር ያደናቅፈዋል። የመሃል እይታው የተጎዳበት ደግሞ ብቻውን መንገድ ይሄዳል፣ የጓደኛውን ፊት ግን አይለይም። ሁለቱንም «ያስመስላል» ብሎ መጠርጠር ከባድ በደል ነው።

ስለዚህ የጋራ ዝግጅት የሚያሰናዳ ሰው ቁጥሩን ትቶ «ምን ይመችዎታል?» ብሎ ይጠይቅ። ጽሑፍ ቢያንስ በ18 ነጥብ የፊደል መጠን፣ በማያንጸባርቅ ወረቀት ይታተም። ተናጋሪ መስኮት ከኋላው አድርጎ አይቁም፤ ፊቱ ይጨልማል፣ ብርሃኑም የተመልካቹን ዓይን ይወጋል። የደረጃዎቹ ጠርዝ ከወለሉ ጎልቶ በሚታይ ቀለም ይቀባ፤ በተለይ የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው ደረጃው ያለቀ መስሎት ነውና። ሰው ሲመሩ እጁን ይዞ መጎተት አይገባም፤ ፈቃዱን ጠይቆ ክርንን መስጠትና ግማሽ እርምጃ ቀድሞ መሄድ ነው።