የሆቴል ኮከብ ምንድን ነው? ስንት ኮከብስ ይበቃል?

ኮከብ ሲያዩት የምቾት ልክ ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን የቆጠራ ውጤት ነው። መዛኙ ቅጹን ይዞ ይገባል። የክፍሉን ስፋት ይለካል፤ ሊፍት መኖሩን፣ እንግዳ መቀበያው በቀን ለስንት ሰዓት ሰው እንዳለው፣ ምግብ ወደ ክፍል ይመጣ እንደሆነ ይመዘግባል። የፍራሹ መሃል መጎድጎዱ፣ የጎረቤት ሳል በግድግዳው አልፎ መሰማቱ፣ ጠዋት ሁሉም እንግዳ አንድ ላይ ሲታጠብ የሙቅ ውኃው ግፊት መድከሙ ግን በቅጹ ላይ እምብዛም ቦታ የላቸውም። ኮከብ የሚነግረን ሆቴሉ ምን እንዳለው ነው፤ ያለውን እንዴት እንደያዘው አይነግረንም።

ለዓለም ሁሉ የሚሠራ አንድ መለኪያም የለም። በፈረንሳይ ኮከብ በሕግ የተደነገገ ነው፤ የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ሲሆን፣ ባለ አንድ ኮከብ ሆቴል የሁለት ሰው ክፍል ቢያንስ 9 ካሬ ሜትር፣ የባለ አምስት ኮከቡ ደግሞ 24 ካሬ ሜትር መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው ሆቴልስታርስ ዩኒየን ጀርመንን፣ ኦስትሪያንና ስዊድንን ጨምሮ በርካታ የአውሮፓ አገሮችን በአንድ መስፈርት አስተሳስሯል። በአሜሪካ ግን የፌዴራል መንግሥቱ ኮከብ አይሰጥም፤ ፎርብስ ትራቭል ጋይድ በኮከብ፣ ትሪፕል ኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በአልማዝ ይመዝናሉ፤ ሁለቱም የግል ተቋማት ናቸው። አንዳንድ የማስያዣ ድረ ገጾች ላይ የሚታየው ኮከብ ደግሞ ሆቴሉ ራሱ የሞላው ሊሆን ይችላል። «ሰባት ኮከብ» የሚባለውም ወሬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው የዱባዩ ቡርጅ አል አረብ እንኳ በይፋ ባለ አምስት ኮከብ ነው።

ታዲያ ስንቱ ይበቃል? በግርድፉ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ኮከብ ያለው ልዩነት አካል የሚያውቀው ነው፦ የክፍሉ ስፋት፣ መታጠቢያው፣ ሙቀቱና ቅዝቃዜው። ከሦስት ወደ አራት ሲወጣ የሚጨመረው ግቢው ነው፤ መዋኛ፣ ጂም፣ ምግብ ቤት። ከአራት ወደ አምስት ሲታለፍ በዋናነት የሚጨመረው ሰው ነው፦ ሻንጣ የሚሸከም፣ ቲኬት የሚያፈላልግ፣ ምሽት ገብቶ አልጋ የሚያሰናዳ፣ ሌሊት ሸሚዝ የሚተኩስ። ዋጋው በጣም የሚዘለውም እዚህ ላይ ነው፤ የሰው ጉልበት ውድ ነውና።

ምርጫውን የሚወስነው አንድ ቁጥር አለ፤ ነቅተው በሆቴሉ ውስጥ የሚያሳልፉት ሰዓት። ማታ 2 ሰዓት ደርሶ ጠዋት 1 ሰዓት ለሚወጣ ተጓዥ መዋኛ ገንዳው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ጸጥታ፣ ጥሩ ፍራሽ፣ ሻወርና ለጉዳዩ የቀረበ ቦታ ነው፤ ይህን ደህና የተያዘ ባለ ሦስት ኮከብ ይሰጠዋል። ሕፃናት ወይም አረጋዊ ይዞ ቀኑን ግማሽ በሆቴሉ ለሚውል ግን ሊፍቱም ገንዳውም ወደ ክፍል የሚመጣው ምግብም በየቀኑ ይሠራሉ። ለሥራ የሚሄድ ሰው ደግሞ ኮከቡን ከመቁጠሩ በፊት ጠረጴዛና ወንበር፣ የኢንተርኔት ፍጥነት፣ ቁርስ የሚጀምርበትን ሰዓት ይጠይቅ።

በረጅም ጉዞ ሁሉንም ሌሊት በአንድ ደረጃ ማደር ግዴታ አይደለም። የመጀመሪያው ሌሊት፣ ከረጅም በረራ በኋላ፣ ገንዘብ ቢወጣበት የማይቆጭ ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ በብዙ ሆቴሎች ክፍል የሚረከቡት ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ጎህ ሲቀድ የሚያርፍ ተጓዥ ያለፈውን ሌሊት ጨምሮ ካልያዘ ውዱን ክፍል በሎቢው ሶፋ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ዋጋን ማወዳደር ያለብዎ እስከ መጨረሻው ደምረው ነው። ለሁለት ሰው አንዱ ሆቴል 100 ቢጠይቅና ቁርስንና ከአውሮፕላን ማረፊያ ማመላለሻን ቢያካትት፣ ሌላው 70 ብሎ ቁርስን በነፍስ ወከፍ 12 ቢያስከፍልና ታክሲው 15 ቢሆን፣ ርካሽ የተባለው 109 ገባ። ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካዩ የአገልግሎት ክፍያና ግብር አልተካተተም ማለት ነው። በሲንጋፖር ለምሳሌ 200 የተባለ ክፍል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበት 220 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 9 በመቶ ግብር ሲታከል 239.80 ይደርሳል። በበርካታ የአውሮፓ ከተሞች በሰውና በሌሊት የሚሰላ የከተማ ግብር ሲወጡ ይጠየቃል። በአሜሪካ «የሪዞርት ክፍያ» እየተባለ ተደብቆ ይመጣ የነበረው ተጨማሪ ሂሳብ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ወዲህ ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ እንዲታይ ደንብ ወጥቶበታል።

የእንግዶች ነጥብ የኮከብ ምትክ አይደለም። 9 ያገኘ ባለ ሁለት ኮከብና 8 ያገኘ ባለ አምስት ኮከብ አይወዳደሩም፤ ሰው የሚመዝነው ከከፈለውና ከጠበቀው አንጻር ነው። አስተያየት ሲያነቡ ያለፉትን ስድስት ወራት ብቻ ይዩ፤ ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፣ ሕንፃም ያረጃል። «ድምፅ»፣ «ሽታ»፣ «ውኃ»፣ «እድሳት» የሚሉትን ቃላት ይፈልጉ። ስለ ሎቢው ውበት የሚተርከውን ይለፉት፤ ሎቢ ውስጥ ማንም አይተኛም።

ሌላው የተለመደ ስህተት የባለ አምስት ኮከብ ሆቴልን ርካሹን ክፍል መያዝ ነው። ያ ክፍል አንዳንዴ ወደ አየር ማስገቢያ ጉድጓድ የሚያይ፣ ከወጥ ቤቱ ጭስ ማውጫ በላይ ያለ፣ ወይም ጭራሽ መስኮት የሌለው ነው። በዚያው ገንዘብ ባለ አራት ኮከብ ሆቴል ላይ ሰፊ፣ ጥግ ላይ ያለ ክፍል ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የክፍሉን ስም ብቻ ሳይሆን ካሬ ሜትሩን ያንብቡ፤ ፎቶ ጠባቡን ክፍል ሜዳ ያስመስለዋል። ባለ 140 በ200 አልጋ ብቻውን 2.8 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ ክፍሉ 9 ካሬ ከሆነ ሁለት ሻንጣ ከፍቶ መንቀሳቀስ አይታሰብም።

ከያዙ በኋላ ከመድረስዎ ሁለት ቀን በፊት አጭር መልእክት ይላኩ፦ ከሊፍቱና ከአዳራሹ የራቀ፣ ከመንገዱ በተቃራኒ ያለ ክፍል እንደሚፈልጉ፤ በዚያ ሳምንት ሠርግ ወይም እድሳት ይኖር እንደሆነም ይጠይቁ። ክፍል ብዙ ጊዜ የሚደለደለው እንግዳው ሊደርስ ሲል ስለሆነ፣ በጣም ቀድሞ የተላከ ጥያቄ ይረሳል፤ በር ላይ ሲጠየቅ ደግሞ ጥሩዎቹ ክፍሎች አልቀዋል።