«ጋዝ ጨምሩበት እንጂ!» እና ሌሎች ስለ ፊኛ የሰለቹኝ ወሬዎች

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከዴንቨር በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ላይ ነን። ንፋስ ሳይነሳ ለመጨረስ እንጣደፋለን። ሸራ ተነጥፏል፤ ሸራው ላይ ነጭ የላቴክስ ፊኛ ተጋድሟል። ልጆቹ ጓንት አጥልቀው አንገቱን ይዘዋል፣ ሂሊየሙ እያፏጨ ይገባል። ይሄኔ ከኋላዬ ያ የማውቀው ድምፅ ይመጣል።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ግማሹም አልሞላም። ጋዝ ጨምሩበት እንጂ!»

ኮሎራዶ ውስጥ በትርፍ ጊዜዬ የእኛን ሰው ልጆች ሰብስቤ እንዲህ ዓይነት ፊኛ እለቃለሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ፊኛው ሥር ፓራሹት አለ። ከፓራሹቱ ሥር ካሜራና ጂፒኤስ የያዘ የፎም ሳጥን ይንጠለጠላል። ፊኛው 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወጥቶ ይፈነዳል፣ ሳጥኑ በፓራሹት ይወርዳል፣ እኛ በመኪና እናሳድደዋለን። ከባዱ እሱ አይደለም። ከባዱ ወላጆችን ማስረዳት ነው።

«ብዙ ጋዝ ከሞላ ብዙ ይወጣል»

አይወጣም። እንዲያውም ዝቅ ብሎ ነው የሚፈነዳው።

ፊኛው ከፍ ባለ ቁጥር ዙሪያውን የሚጫነው አየር እየሳሳ ይሄዳል። 30 ኪሎ ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሚጫነው ነገር ሲቀንስ ውስጡ ያለው ጋዝ ይሰፋል። እኛ የምንለቀው 1,200 ግራም የሚመዝነው ፊኛ መሬት ላይ ወርዱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ሊፈነዳ ሲል 8 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በሉት። ላስቲኩ ከዚያ ወዲያ አይለጠጥም። እንግዲህ ገና ከመሬት ነፍታችሁ ከላካችሁት፣ ላይ ሊለጠጥበት የሚገባውን እዚሁ ጨረሳችሁበት። ቤቱ ጠግቦ ሠርግ እንደሄደ ሰው ነው፤ ክትፎው ሲመጣ ቦታ የለውም።

አንድ ቀን ተሸንፌያለሁ። የአንዷ ተማሪ አባት፣ በጣም የማከብራቸው ሰው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ጋዝ መትረፉን አዩ። «ለማን ልትመልሱት ነው? ተከፍሎበት የለ እንዴ!» አሉ። ይሉኝታ ያዘኝ። አንዱ ልጅ ቫልቩን እንደገና ከፈተው። 4 ሜትር ኩብ መሆን የነበረበት ወደ 6 ተጠጋ። ፊኛው ከእጃችን ተፈትልኮ ወጣ፣ ሁሉም አጨበጨበ። 31 ኪሎ ሜትር የጠበቅነው ፊኛ 28 ላይ ፈነዳ። ጋሼ ግን ደስ ብሏቸዋል። «ምናለ፣ ቶሎ ደረሰ አይደል?» አሉኝ።

መሰሰትም እንደዚያው ጣጣ አለው። በሌላ ቀን አሳንሰን ሞላንና ፊኛው በሰከንድ 2 ሜትር እየተጎተተ ወጣ። 5 ሜትር ነው የምንፈልገው። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጀው መንገድ ከአራት ሰዓት በላይ ወሰደበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ንፋሱ ወደ ምሥራቅ ሲነዳው ዋለ። ሳጥኑን ካንሳስ ሄደን አመጣነው።

ስለዚህ በዓይን አንሞላም። ሳጥኑ፣ ፓራሹቱና ገመዱ አንድ ላይ 1.5 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ወደ ላይ የሚገፋ ትርፍ 1.2 ኪሎ እንጨምርበታለን። ከዚያ አንድ ጀሪካን ከነውሃው ልክ 2.7 ኪሎ እስኪሆን እንሞላና ፊኛው አንገት ላይ እናስረዋለን። ፊኛው ጀሪካኑን ከመሬት ብድግ ሲያደርገው ቫልቩ ይዘጋል። ፊኛው ያኔም የተኮማተረ ነው የሚመስለው። መምሰልም አለበት።

«በሃይድሮጂን ብትሞሉት እጥፍ ያነሳ ነበር»

ሃይድሮጂን የሂሊየምን ግማሽ ይመዝናል፣ ልክ ነው። ግን ፊኛን የሚያነሳው በአየሩና በጋዙ ክብደት መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር ባሕር ጠለል ላይ 1.2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለቱም ጋዞች ከዚያ አጠገብ ኢምንት ናቸው። በማንሳት አቅም ልዩነታቸው 8 በመቶ ቢሆን ነው። ሃይድሮጂን ርካሽ ነው፣ ይህን አልክድም። እሳትም ይወዳል። በልጆች መካከል አላደርገውም።

«ልጄ ጠፈር ላይ ካሜራ ላከች»

ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን ጠፈር አልላከችም። ብዙ ጊዜ የጠፈር መጀመሪያ ተደርጎ የሚወሰደው 100 ኪሎ ሜትር ነው። እኛ ሲሶውንም አንደርስ። ፊኛ መቼም አይደርስም፣ ምክንያቱም የሚንሳፈፈው አየር ላይ ነው። ውሃው ካለቀ እንጨት በምን ይንሳፈፋል? የጃፓን የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በጣም ስስ ከሆነ ፕላስቲክ የሠራው ሰው አልባ ፊኛ 53.7 ኪሎ ሜትር ወጥቷል። ከዚያ በላይ መውጣት እጅግ ከባድ ነው። የፓራሹት ዘላዩ ፊሊክስ ባውምጋርትነር በ2012 በፊኛ ወጥቶ «ከጠፈር ዘለለ» የተባለው ከ39 ኪሎ ሜትር ነው። አለን ዩስታስ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ከ41 ኪሎ ሜትር በላይ ዘሏል፤ እሱን ማንም አያስታውሰውም።

«እዚያ የመሬት ስበት የለም» የሚሉም አሉ። 30 ኪሎ ሜትር ላይ ከመሬት ስበት 99 በመቶው አለ። ባይኖር ሳጥናችን በምን ይወርድ ነበር?

ፎቶው ላይ ምድር እንደ ብርቱካን ክብ ሆና የምትታየውም በአብዛኛው የካሜራው ሌንስ ሥራ ነው። ካላመናችሁ ቪዲዮውን እያቆማችሁ እዩት። የአድማሱ መስመር ከምስሉ መሐል ዝቅ ሲል ምድር እንደ ጎድጓዳ ሳህን ትሆናለች። እውነተኛው ጉብጠት አለ፣ ግን ትንሽ ነው።

«የድሮ ስልክ አስገቡበት፣ በእሱ ትከታተሉታላችሁ»

ይህ ምክር ሳጥን አስበልቶናል። የስልክ ማማ አንቴናው የሚያየው ወደ መሬት ነው። ፊኛው ጥቂት ከፍ እንዳለ ስልኩ መስመር ያጣል። ሲወርድ ይመለሳል እንዳትሉ፣ የሚያርፈው ኔትወርክ የሌለበት የስንዴ ማሳ መሐል ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሴሉላር ስልክ አየር ላይ ማሠራት በሕግ ተከልክሏል። የእኛ የመጀመሪያ ሳጥን የጠፋው በዚህ ነው። ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ፈልገን አጣነው።

አሁን አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ግለሰቦች ፈቃድ አውጥተው በትርፍ ጊዜያቸው የሚገናኙበትን ሬዲዮ፣ እንጠቀማለን። የሬዲዮ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ ፈተናው ያን ያህል አያስፈራም። ጂፒኤስ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ሆን ተብሎ እንዳይሠራ ተደርጓል፣ ለሚሳይል እንዳይውል። አንዳንዱን ደግሞ «አየር ላይ ነኝ» ወደሚለው ሁኔታ ራሳችሁ ማስተካከል አለባችሁ። ባትሪ ሊትየም ይሁን። ብርዱ ከዜሮ በታች 50 እና 60 ዲግሪ ስለሚወርድ ተራ ባትሪ እዚያ ይሞታል።

«ፊኛ ነው፣ ማን ይጠይቃችኋል?»

ሕግ አለ። አሜሪካ ውስጥ የአቪዬሽን ደንብ ክፍል 101 ይባላል። አንዱ ሳጥን ከ6 ፓውንድ (ለስፋቱ በጣም ከባድ ከሆነ ከ4 ፓውንድ)፣ ሁሉም ሲደመር ከ12 ፓውንድ ካልበለጠ፣ ገመዱም በ50 ፓውንድ ኃይል የሚበጠስ ከሆነ ከአብዛኛው ግዴታ ነፃ ትሆናላችሁ። ነፃ መሆን ግን ግድ የለሽ መሆን አይደለም። በኦክቶበር 2025 ከዴንቨር ወደ ሎስ አንጀለስ የሚበር አውሮፕላን ዩታ ሰማይ ላይ ከአንድ የአየር ጠባይ ድርጅት ፊኛ ጋር ተጋጭቶ የፊት መስታወቱ ተሰነጠቀ። ያ ፊኛ ከእኛ ሳጥን ቀለል ያለ ነበር። ስለዚህ እኛ ግዴታችን ባይሆንም ከመልቀቃችን በፊት እናሳውቃለን።

«አገር ቤት ስሄድ ልልቀቅ?» የሚሉኝም በዝተዋል። የአሜሪካ ደንብ ከአሜሪካ አይወጣም። መጀመሪያ የሲቪል አቪዬሽንን ጠይቁ። ሽቦ፣ ባትሪና ሬዲዮ የታጨቀ ሳጥን ይዞ ቦሌ ጉምሩክ ፊት መቆምንም አስቡት።

ሳጥኑ ላይ ስልክ ቁጥራችሁንና «አደገኛ አይደለም» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ለጥፉ። የሰው እርሻ ላይ ካረፈ ደግሞ አጥር ከመዝለላችሁ በፊት በር አንኳኩ። እኔ አንዴ ሳላንኳኳ ገብቼ ኮርማ አባሮኛል። ሳጥኑን ያወጡልኝ ገበሬው ናቸው፣ እየሳቁ።