ስለ በረዶ ናዳ በኮሎራዶ ተራሮች የሚነገሩ ስሕተቶች

ከስኪ ማዕከላት ክልል ውጭ ቁልቁለቱን አስቀድሞ በፈንጂ የሚያራግፍ ሠራተኛ የለም። በራሱ ወጥቶ የሚንሸራተት ሰው የሚከተሉትን ወሬዎች ባያምን ይሻለዋል።

«ጩኸት ናዳ ያስነሳል»
አያስነሳም፤ የድምፅ ግፊት ለዚያ አይበቃም። ሰው የሚገድሉትን ናዳዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው የራሱ የተጎጂው ወይም የባልደረባው ክብደት ነው።

«ከጣለ ቀናት አልፈዋል፣ በረዶው ረግቷል»
ኮሎራዶ ላይ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነው። የኦክቶበርና የኖቬምበር በረዶ ስስ ነው፤ ሌሊቱ ደግሞ በጣም ይበርዳል። መሬቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲቆይ የበረዶው ገጽ በጣም ይቀዘቅዛል። የሙቀት ልዩነቱ በየ10 ሳንቲሜትሩ ከ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ እንፋሎት ከታች ወደ ላይ እየወጣ ቅንጣቶቹን ማዕዘናማ ያደርጋቸዋል፤ እርስ በርስ መያያዝም ያቆማሉ። ቢዘግኑት እንደ ስኳር ከእጅ ይፈስሳል። በላዩ የክረምቱ በረዶ ጠጥሮ ሲነጠፍ ከሥር ያለው ደካማ ሽፋን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ኤፕሪል ሳይጠነክር ይቆያል።

«ገደሉ ላይ ካልወጣሁ አይነካኝም»
ኤፕሪል 20 ቀን 2013 በላቭላንድ ፓስ አቅራቢያ፣ ሺፕ ክሪክ በተባለ ስፍራ፣ 5 ሰዎች የሞቱት ከቁልቁለቱ ግርጌ ሲያልፉ ነው። ከእግራቸው ሥር የተሰበረው ደካማ ሽፋን ስብራቱን ወደ ላይ አሻገረ፤ በላዩ የጠጠረው የበረዶ ንጣፍም ከላያቸው ተንዶ መጣ። በረዶው «ውምፍ» ብሎ ከተደረመሰ ወይም ዙሪያው ከተሰነጠቀ ያው ሽፋን እየተሰበረ ነውና ወዲያው መመለስ ነው።

«ደረጃ 3 መካከለኛ ነው»
የናዳ አደጋ መለኪያው 5 ደረጃ ስላለው እንዲህ ይመስላል። ደረጃ 3 ማለት ግን ሰው ናዳ የመቀስቀስ ዕድሉ ከፍተኛ ነው ማለት ነው፤ ሺፕ ክሪክም ያን ዕለት ደረጃ 3 ነበር።

«ሌሎች ተንሸራተውበታል»
የፊተኞቹ ዱካ ምንም አያረጋግጥም። ንጣፉ ወፍራም የሆነበትን ረግጠው አልፈው ይሆናል፤ ቀጣዩ ሰው ከድንጋይ አጠገብ ያለውን ስስ ቦታ ሊያገኝ ይችላል። ይልቅ ቁልቁለቱን ይለኩ፦ የስኪ ዱላዎን በረዶው ላይ ከላይ ወደ ታች አጋድመው፣ የማዘንበል መለኪያ ያለውን ስልክዎን በላዩ ያኑሩና ዲግሪውን ያንብቡ። ንጣፍ በአብዛኛው የሚናደው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ላይ ነው። ከ30 በታች መሆን የሚጠቅመው ግን ከላይ የተንጠለጠለ ገደል ከሌለ ብቻ ነው።

«ቢከን ይዣለሁ»
ቢከን፣ ማለትም የተቀበረን ሰው ለማግኘት የሬዲዮ ምልክት የሚልክና የሚቀበል በሰውነት ላይ የሚታሰር መሣሪያ፣ ከዛፍና ከድንጋይ ጋር ከመላተም አያድንም። የተቀበረውም ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ያለ መፈተሻ ዘንግና ያለ ብረት አካፋ ቢከን ብቻውን ከንቱ ነው። ስልክዎ ቢከኑ ምልክት ሲልክ 20፣ ሰው ሲፈልጉበት ደግሞ 50 ሳንቲሜትር ከእሱ ይራቅ። ዘንጉን በየ25 ሳንቲሜትሩ ከበረዶው ገጽ ጋር ቀጥ አድርገው ይውጉ፤ ሰው ሲነካ አይንቀሉት። ቁፋሮው ግን ከዘንጉ ላይ አይጀመርም። ጥልቀቱን አንብበው፣ የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ወደ ቁልቁለቱ ወርደው፣ ወደ ጎን ይቆፍሩ፤ አለዚያ የሰውየውን መተንፈሻ ይረግጣሉ።