የሺፍት ምልክት በእጅ በሚያዙ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ላይ

የሺፍት ምልክት ቀጥሎ የሚጻፈው ትልቅ ፊደል ይሁን ትንሽ፣ ወይስ ሥርዓተ ነጥብ፣ አስቀድሞ የሚናገር ትንሽ ሥዕል ነው። በኮምፒዩተር ኪቦርድ ጣት ሺፍትን (ፊደሉን ወደ ትልቅ የሚቀይረውን ቁልፍ) ተጭኖ ስለሚቆይ እጅ ራሱ ያስታውሳል። እንደ ስልክ ባለ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ግን ሺፍት አንዴ ተነክቶ ይለቀቃል፤ ማሽኑ ካልተናገረ ጸሐፊው በግምት ይሄዳል።

ጉዳዩን በጥንቃቄ ከያዙት ቀደምት መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ የቀረበው የፓልም ፓይለት የተባለው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ስክሪኑ 160 በ160 ፒክስል ብቻ ነበር። ተጠቃሚው ግራፊቲ በተባለው የአጻጻፍ ስልት ከስክሪኑ ሥር በብዕር ይጽፋል። ከታች ወደ ላይ አንድ ጭረት ከሳበ ቀጣዩ ፊደል ትልቅ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ከሳበ ትልቁ ፊደል ይቆለፋል። አንዴ ነጥብ ከነካ ደግሞ ማሽኑ ሥርዓተ ነጥብ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ በፎርሙ (በስክሪኑ ላይ በሚታየው የአፑ ገጽ) ግርጌ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ጥግ፣ ቀስት ወይም ነጥብ ብቅ ይላል፤ ፊደሉ ሲጻፍ ይጠፋል። ምልክቱን የሚቀያይረው ሲስተሙ ቢሆንም በየፎርሙ ላይ ቦታ የሚሰጠው አፑን የሠራው ሰው ነበር። የፓልም መመሪያም መጻፊያ ሳጥን ያለበት ፎርም ሁሉ ምልክቱ እንዲኖረው ይመክር ነበር። ሠሪው ከዘነጋው አፑ አይቆምም፤ ተጠቃሚው ግን ጭረቱ መያዙን ስለማያይ ደግሞ ይስባል፣ ትልቁም ፊደል ይቆለፍበታል።

በንክኪ ስልኮች ምልክቱ ወደ ሺፍት ቁልፉ ራሱ ገባ። አይፎን ለዓመታት በቁልፎቹ ላይ ትልልቅ ፊደላትን ብቻ ያሳይ ስለነበር ሁኔታው የሚለየው በሺፍት ቁልፉ መልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአይፎን ሲስተም፣ አይኦኤስ 7፣ ከነጩና ከግራጫው የሺፍት ቁልፍ መልክ የትኛው «በርቷል» እንደሆነ ብዙዎችን ግራ አጋባ። በ2014 በ7.1 የቁልፉ መልክ ተስተካከለ፤ በ2015 በአይኦኤስ 9 ፊደላቱ ራሳቸው ትልቅና ትንሽ እየሆኑ መታየት ጀመሩ። ከሁሉም የሚሻለው ይህ ይመስለኛል፤ የጸሐፊው ዓይን የሚያርፈው ሊነካው ባለው ፊደል ላይ ነውና።

በላቲን ቁልፎች የፊደሉን ድምፅ እየተከተለ (ለምሳሌ ለ«ት» t እየነካ) አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ጉዳዩ ይብሳል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ በብዙዎቹ የአጻጻፍ ስልቶች ሺፍት የሚለውጠው ድምፁን ነው፤ ት ጥ፣ ች ጭ፣ ን ኝ ይሆናል። «ልጁ ጠፋ» ሊል የተነሳ ሰው ሺፍቱ ሳይያዝለት ቢቀር «ልጁ ተፋ» ብሎ ይልካል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ የፊደል አራሚም አይደርስለትም። አፑ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያን በራሱ ወደ ትልቅ ፊደል የሚቀይር ከሆነ ደግሞ «ተራ» ያለው ሰው «ጠራ» ይወጣለታል። ስለዚህ በአማርኛ መጻፊያ ሳጥን ይህ ቅንብር መጥፋት አለበት፤ ሺፍት ሲነካም ቁልፉ ላይ ከት ይልቅ ጥ መታየት አለበት።