ኢያሱ መልአኩን የጠየቀው ጥያቄ

ትናንት ኅዳር ሚካኤልን አከበርን። እንኳን አደረሳችሁ። ታቦቱ ወጣ፣ እልልታው ደመቀ፣ ስንክሳሩም ተነበበ። በስንክሳሩ ውስጥ በአጭሩ የምትነሣ አንዲት ታሪክ ግን ዘንድሮ ከልቤ አልወጣ ብላለች። ኢያሱ በኢያሪኮ አጠገብ ሳለ ሰይፍ የመዘዘ ሰው ከፊቱ ቆሞ ያያል። ቀርቦም «ከእኛ ወገን ነህ ወይስ ከጠላቶቻችን?» ይለዋል። መልአኩም «አይደለሁም፤ እኔ የእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ሆኜ አሁን መጥቼአለሁ» አለው (ኢያሱ 5፥13-14)።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስንክሳሩ እንደሚነግረን የተጠየቀው ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሚካኤል ነው። ጠያቂው ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ የሾመው፣ ምድሪቱን እሰጥሃለሁ ያለው ኢያሱ ነው። «እግዚአብሔር ከኔ ጋር ነው» ለማለት ከኢያሱ የበለጠ ማን መብት ነበረው? እንዲያም ሆኖ መልአኩ «አዎ፣ የናንተ ነኝ» አላለውም።

ኢያሱስ ምን አደረገ? «መሃል ሰፋሪ» ብሎ አልሰደበውም። በግንባሩ ተደፍቶ ሰገደ። ጥያቄውንም ለወጠ፤ «ጌታዬ ለባሪያው የሚነግረው ምንድር ነው?» አለ። ከዚያ የመጣው ትእዛዝ ይገርመኛል። ከተማ ሊወጋ ለተዘጋጀ ጦር አዛዥ መጀመሪያ የተነገረው ጫማህን አውልቅ የሚል ነው።

እኛም ጫማ እናወልቃለን። ጫማችንን በር ላይ ትተን ግን ጠባችንን ይዘን እንገባለን። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ሁላችን በግራ በቀኝ ላሉት እጅ እንነሣለን። ወደ ቀኝ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ግራ ሲዞር የቆመውን ሰው አይቶ ፊቱን ወደ መቅደሱ የመለሰ አይቻለሁ። ሁለቱ ለዓመታት ጽዋ አብረው የጠጡ የአንድ ማኅበር ልጆች ናቸው። በ2013 በሰሜን ጦርነቱ ሲጀመር ሰላምታ አቆሙ። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም ጠመንጃ የያዙት ተጨባበጡ። ጠመንጃ ይዘው የማያውቁት እነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተጨባበጡም።

ከዚያ ወዲህማ ሌላ እሳት ተጨመረ። አማራ ክልል ደም እየፈሰሰ ነው፣ ኦሮሚያም ለቅሶው አልቆመም። የሞት ዜና ሲመጣ አፋችን ላይ የሚቀድመው ምንድን ነው? «ከየትኛው ወገን ነው?» እንላለን። መልሱን ሰምተን ወይ «ነፍስ ይማር» እንላለን፣ ወይ ዝም እንላለን። አንዳንዶቻችንማ «ይበላቸው» ብለን እንጽፋለን። በዚያው ጣት አማትበን እንተኛለን። ይህን ስጽፍ በእውነት አዝናለሁ።

በሽታው የቆየ ነው። ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወርደው ከተሰደዱ በኋላ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ ከ25 ዓመት በላይ ቆይተናል። በተለይ አሜሪካ ያለን «ስደተኛ»፣ «የአገር ቤት»፣ «ገለልተኛ» እየተባባልን አጥቢያ ከአጥቢያ ተለያየን። ለአጥቢያው አዲስ የሆነ ሰው ቅዳሴ ሲገባ ጆሮውን የሚያቆመው የየትኛው ፓትርያርክ ስም እንደሚጠራ ለመስማት ነበር። ልጅ ክርስትና ሲነሣ አያት የቀረችበት ጊዜ ነበር፣ «እነሱ ቤት አልገባም» ብላ። በሐምሌ 2010 አባቶች ዋሽንግተን ላይ ታረቁ። ውግዘቱ ተነሣ፣ የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም አብሮ እንዲጠራ ተወሰነ። አቡነ መርቆሬዎስ በ2014 ሲያርፉ የተቀበሩት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ከእርሳቸው በኋላ በአገር ቤት ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም የተቀበሩት እዚያው ግቢ ነው። በሁለቱ አባቶች ስም የተኳረፉ ስንትና ስንት ምእመናን ግን እርቁን ሳያዩ፣ ሳይነጋገሩ አለፉ። አሁን ደግሞ በአዲስ አበባና በመቐለ አባቶች መካከል የተከፈተውን ቁስል እያየን ያንኑ ልንደግመው ነው እንዴ?

«ታዲያ በዳይና ተበዳይ እኩል ነው?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አይደለም። የመልአኩ ሰይፍ እኮ የተመዘዘ ነው፣ ለሽልማት አልያዘውም። የተደፈረችውን እኅት፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ገበሬ «ተወው፣ እርሳው» ማለት ሰላም መፈለግ አይደለም፤ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ፍርድ ይጠየቅ፣ እውነቱ ይነገር። ግን መጽሐፈ ኢያሱን ዝቅ ብላችሁ አንብቡት። በጠላት ከተማ በኢያሪኮ ቅጥር ላይ ረዓብ አለች፤ አመነች፣ ዳነች፣ በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ተቆጠረች (ማቴዎስ 1፥5)። በኢያሱ ሰፈር፣ በገዛ ወገኑ ድንኳን ውስጥ ደግሞ አካን አለ፤ እርም የሆነውን ወርቅና ብር ከድንኳኑ መሬት ሥር ቀብሯል (ኢያሱ 7)። ሕዝቡ በጋይ ከተማ ፊት የሸሸው በእርሱ ኃጢአት ነው። እግዚአብሔር በእነዚያ ከተማ ያለችውን ረዓብን አልረሳም፣ በእኛ ሰፈር ያለውን አካንም አልሸፈነም። እኛ የእነሱን አካን በስሙ እናውቀዋለን። የራሳችንን ግን «ጀግናችን» እያልን ድንኳኑን እንጠብቅለታለን።

እናትህ ከትግራይ፣ አባትህ ከጎንደር የሆንክ ወንድሜ፣ በሁለቱም በኩል ለቅሶ የተቀመጥሽ እኅቴ፣ ይህችን ለእናንተ ልበል። በየቤቱ «አንተ የማን ነህ?» እየተባላችሁ ደክማችኋል። ሁለቱም ወገን ባንዳ ብሏችኋል። አትፈሩ። የተጠየቃችሁት ቅዱስ ሚካኤል የተጠየቀውን ነው። ለሁለቱም ማልቀሳችሁ ከዳተኛ አያደርጋችሁም። ጌታም «የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸው» ሲል የተመረቁት እንደናንተ ያሉት ናቸው። በርቱልኝ።

ከነገ ወዲያ ጾመ ነቢያት ይገባል። ከዚያ በፊት በጦርነቱ ምክንያት የተለያችሁትን አንድ ሰው አስቡና ደውሉ። ስለ ፖለቲካው አታንሡ፣ ማን ጀመረ አትበሉ። «ከቤታችሁ ማን አረፈ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አዳምጡም። የሟቹን የክርስትና ስም ተቀበሉ። ገብረ ሚካኤል ይሁን ወለተ ማርያም፣ ስሙ ሰፈርም ክልልም አይናገርም። ከራሳችሁ ሟቾች ስም ጋር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለንስሐ አባታችሁ ስጡና አብረው ይጸለይላቸው። ስልኩ ባይነሣ በማግሥቱ ድገሙ። አሁንም እምቢ ካለ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሽማግሌ ላኩበት።