የተማሪ ትሪፕ ከአዲስ አበባ፦ ከአራት ኪሎ እስከ ጢያ

ትምህርት ቤቱ በሚልከው ደብዳቤ ላይ "ትምህርታዊ ጉብኝት" ይባላል፣ ተማሪው "ትሪፕ" ነው የሚለው፣ ወላጅ ደግሞ ብሩን እየቆጠረ "ይቺ ሽርሽራችሁ" ይላታል። ሦስቱም ያው ናቸው፣ ልጆችን ከክፍል አውጥቶ ሙዚየም፣ ደን ወይም የቁፋሮ ቦታ ወስዶ በዓይናቸው እንዲያዩ፣ ከተቻለ ደግሞ በእጃቸው እንዲነኩ ማድረግ። እዚህ የተሰበሰበው ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነስቶ ማታ ስለሚመለሰው ትሪፕ ነው። አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ብዙ ቀንና ብዙ ብር ስለሚጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ ለተመራቂ ክፍልና ለዩኒቨርሲቲ ነው የሚቀሩት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በንጉሡ ዘመን እንደ ተፈሪ መኮንን ያሉ ትምህርት ቤቶች ቦይ ስካውት ነበራቸው፣ ሰልፉ፣ ድንኳን ተከላው፣ ገመድ አስተሳሰሩ ሁሉ የትምህርቱ አካል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ገጠር ወጥተው ማገልገል ግዴታቸው ሆነ። እሱ ትሪፕ አይባልም፣ ግን ብዙ የከተማ ልጅ ሀገሩን ያየው ያኔ ነው። ደርግ ሲመጣ ስካውቱ ቀረ፣ በእድገት በህብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ገጠር ገባ። ከዚያ ወዲህ ስካውት እንደገና ተቋቁሟል፣ ሥራውን በአብዛኛው የተሸከሙት ግን የትምህርት ቤት ክበቦች ናቸው፦ ሀገርህን እወቅ፣ የቱሪዝም ክበብ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ። ክበብ የሚመራ መምህር ቅዳሜውን ሰውቶ ነው የሚሠራው፣ ይሄ ሊጻፍለት ይገባል።

በከተማው ውስጥ

የመጀመሪያው ትሪፕ ሁሌም አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ እዚያ ናት፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ልጆች ገና እንደገቡ የሚጠይቁት "እውነተኛዋ ናት?" ብለው ነው፤ ለእይታ የቀረበው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተቆልፎ ይቀመጣል። ይሄን ቀድሞ ካልነገሯቸው ቅር ይላቸዋል፣ ቀድሞ ከነገሯቸው ግን ለምን እንደሚቆለፍ ራሳቸው ማሰብ ይጀምራሉ። ትንንሾቹን የሚይዛቸው ግን ሰላም ናት፣ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት የሦስት ዓመት ገደማ ህፃን፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት። "ከታናሽ እህቴ ጋር እኩያ ናት" ያለች ልጅ ሰምቻለሁ፣ ከዚህ የተሻለ ገለጻ ከአስጎብኚ አልሰማሁም።

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የንጉሡ ቤተ መንግሥት በነበረው ገነተ ልዑል፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ፣ ልጆቹ ከሁሉም አብልጠው የሚያስታውሱት የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ነው። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለው የእንስሳት ሙዚየምም አይረሳ። አንድነት ፓርክ፣ ሳይንስ ሙዚየምና የአድዋ ሙዚየም በቅርብ ዓመታት የመጡ ናቸው፣ ሰፊና ያማሩ ናቸው፣ አሁን ብዙው ትምህርት ቤት ወደነሱ ነው የሚጎርፈው።

የቡታጅራ መንገድ

እውነቱን ለመናገር ለአንድ ቀን ትሪፕ ከዚህ መስመር የሚስተካከል የለም። መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያም፣ ጢያ፣ ሦስቱም በአንድ መንገድ ላይ ወይም ከመንገዱ ገባ ብሎ ናቸው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሱ ማታ ቤት ይገባል።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አዋሽ ዳር። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ቦታውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ዴከር የሚባል የሆላንድ ሰው ነው፣ የውሃ ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. በ1963። ከ1965 ጀምሮ ዣን ሻቫዮን የመራው የፈረንሳይ ቡድን ለዓመታት ቆፈረ፣ ኋላ ጣሊያኖቹ ተረከቡት። የተገኘው ነገር ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ወደኋላ ይሄዳል፣ የድንጋይ መሣሪያ፣ የጉማሬ አጥንት፣ የሰው ቅሪት፣ ድርብርብ ሆኖ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የወንዙ ገደል ላይ የሚነበብ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር ሆኖ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተመዘገበ። ቀድሞም ይገባው ነበር።

ባልጪት ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ያለ ቦታ ነው፣ ስሙም ያለምክንያት አልወጣለትም፣ እኛ ባልጩት የምንለው ያ ጥቁር እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ መሬቱን ሞልቶታል። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀልጦ ቶሎ የቀዘቀዘ ድንጋይ ነው፣ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆናል። የጥንቶቹ ሰዎች ይሄን አውቀው ነው ደጋግመው ወደዚህ የተመለሱት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ሲምቢሮ በሚባለው የመልካ ቁንጡሬ ክፍል ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከባልጩት የእጅ መጥረቢያ በብዛት ይሠራ ነበር ይላል፣ ወርክሾፕ ማለት ነው፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ዕድሜው ላይ ጥንቃቄ ቢያደርጉም። እዚያው ጋርባ የሚባለው ቦታ የተገኘው የህፃን መንጋጋም እንዲሁ ያከራክራል፣ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሆሞ ኢሬክተስ (ከጥንት የሰው ዝርያዎች አንዱ) ነው ተብሏል፣ እኔ በበኩሌ ተቀብዬዋለሁ።

ለልጆች ግን ዋናው እዚያው መልካ ቁንጡሬ ያለው ጎምቦሬ ነው። እዚያ 700 ሺህ ዓመት ያለፈው የእግር ዱካ ተገኝቷል፣ የእንስሳም የሰውም፣ ከሰዎቹ መካከል የህፃናት ዱካ አለበት። ትልልቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡ፣ ጉማሬ ሲበልቱ ህፃናቱ አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው። ዱካው የቆየው ጭቃው ላይ የእሳተ ገሞራ አመድ ስለወረደበት ነው። ይሄን በቃል ከመንገር ይልቅ እኛ የምናደርገው ቀላል ነው፦ ጫማ አውልቁ ይባላል፣ እርጥብ መሬት ላይ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ አንዱ ጓደኛውን አዝሎ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ሳያዩ ቆይተው መጥተው ማን ምን እንዳደረገ ከዱካው ይገምታሉ። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ወደ ሙዚየሙ ጎጆዎች ሲገቡ ሌላ ልጆች ናቸው፣ ጥያቄያቸው አያልቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከቦታው ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው፣ የቅርስ አዋጁ (209/1992) ቅርስ ያለ ፈቃድ ማንሳትን ይከለክላል። አንዴ አብሬው የሄድኩት ትምህርት ቤት ይሄን ሳይናገር ልጆቹን ለቀቃቸው፣ መመለሻ ላይ አውቶብሱ ውስጥ የአንዱ ልጅ ኪስ ሲቀደድ ባልጩቱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ ሲፈተሽ የግማሹ ክፍል ኪስ ሞልቷል። ዞረን መለስን። አስጎብኚው ምንም አላለንም፣ ዝምታው ግን ከቁጣ ይብስ ነበር።

አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ንጉሥ ላሊበላ እንዳነፀው ይነገራል። ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶቹ ነጠላ ይያዙ፣ ከጠዋቱ ቅዳሴ ጋር እንዳይጋጭ ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ጢያ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሶዶ ውስጥ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ በምዝገባው 36 ትክል ድንጋይ አለ፣ 32ቱ የተቀረጸባቸው። ከሥራቸው መቃብር ነው ያለው፣ ቁፋሮ ተደርጎ የወጣት ሰዎች አጽም ተገኝቷል፣ እንደ ጽንስ ተጣጥፈው የተቀበሩ። ድንጋዩ ላይ የሚታየው ጎራዴ ነው፣ አስጎብኚዎች የጎራዴው ብዛት ሟቹ የገደለው ጠላት ቁጥር ነው ይላሉ፣ ሊሆን ይችላል፣ ማስረጃው ግን አፈ ታሪክ ነው። በአካባቢው የግራኝ ድንጋይ ይባላል፣ ይሄኛው ግን አይሆንም፣ ትክሎቹ ከግራኝ ብዙ ይቀድማሉ። ጥሩ መምህር ይሄን ክርክር ራሱ ትምህርት ያደርገዋል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ድንጋይ ሰጥቶ፣ ሳይነኩ ከነምልክቱ ደብተር ላይ እንዲስሉ፣ ጎራዴውን እንዲቆጥሩ፣ ከዚያ ግምታቸውን እንዲከራከሩበት። የራስ ትራስ የሚመስለውን ምልክት ልጆች ሁሌ "ስልክ ነው" ይላሉ።

ደን

መናገሻ ሱባ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል፣ እንግዲህ ከሆነ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ወይራ አለ፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይታያል፣ ዝም ከተባለ። አርባ ልጅ ዝም አይልም፣ ስለዚህ በአምስት ቡድን ከፍሎ በተለያየ ሰዓት ማስገባት ነው የሚያዋጣው።

ሆለታ አቅራቢያ ያለው እንሰሳ ኮቴም ጥሩ ነው፣ በኮንትሮባንድ ሲያዙና በሰው ቤት ታስረው የተገኙ አንበሳና አቦሸማኔ የሚያገግሙበት ማዕከል። እንጦጦና ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ለሩቅ መንገድ አቅም ለሌለው ትምህርት ቤት ይሆናሉ።

ስለ ዝግጅቱ

ክረምት አይሞከርም፣ አዋሽ ይሞላል መንገዱም ይጨቀያል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት አደይ አበባው ስላለ ደስ ይላል፣ ብዙው የሚሄደው ግን ከጥር እስከ መጋቢት ነው። የወላጅ ፈቃድ ወረቀት፣ የመግቢያ ደብዳቤ (ሳምንት ቀድሞ)፣ ውሃ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን፣ መኪና የሚያማቸውን ልጆች ከፊት ማስቀመጥ። ምግብ ከቤት ይያዝ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ቆሎ፤ እንጀራ ፍርፍር ግን በሞቀ አውቶብስ ውስጥ ይበላሻል። ከሁሉም በላይ ግን ከትሪፑ አንድ ቀን በፊት አርባ ደቂቃ ክፍል ውስጥ ማዘጋጀት፣ ባልጩትና ተራ ድንጋይ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ፣ የትኛው ሥጋ ይቆርጣል ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳይነግሩ ወደ ቤት መላክ።